አክፋይ ይዞ የሚመጣ ልጅ፣ ደጅ ደጁን የሚያይ ወላጅ

እነሆ ዛሬ ሆሣዕና ነው። ሕፃናት በግንባራቸው ያሰሩት፣ ጎልማሶችም በጣታቸው እንደ ቀለበት የጠመጠሙት ዘንባባ ገና አልደረቀም። ከዘወረደ ተነሥቶ ቅድስትን፣ ምኩራብን፣ መጻጉዕን፣ ደብረ ዘይትን፣ ገብር ኄርንና ኒቆዲሞስን ተሻግሮ እዚህ የደረሰው የ55 ቀናት ጾም ሊፈጸም የቀረው የሕማማቱ ሳምንት ብቻ ነው። በዚህ የበዓል ዓምዳችን ዘንድሮ ስለ ዶሮና ስለ ቅቤ ዋጋ ከመጻፍ ተቆጥበን፣ በዓሉ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ስለሚመልሳቸው፣ ወይም ሊመልሳቸው ሲገባ ስለሚያስቀራቸው ጎልማሳ ልጆች ጥቂት ለማለት ወድደናል።

በሀገራችን አክፋይ የሚባል መልካም ልማድ መኖሩ ይታወቃል። ጎጆ የወጣ ልጅ ለወላጆቹ፣ አማች ለአማቶቹ፣ የክርስትና ልጅም ለክርስትና አባቱና እናቱ በትንሣኤ ሰሞን በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ፣ እንደየአቅሙም ጠላ ወይም ጠጅ፣ ዶሮ ወይም በግ ይዞ የሚሄድበት፣ ተመርቆም የሚመለስበት ሥርዓት ነው። ቃሉ ራሱ ያከፈለን ሰው፣ ማለትም ከስቅለት ዋዜማ ጀምሮ እህል ውኃ ሳይቀምስ የትንሣኤውን ሌሊት የሚጠብቀውን ጿሚ ያስታውሰናል። ከቤቱ ወጥቶ የራሱን እሳት ያነደደ ልጅ፣ የወጣበትን ምድጃ እንዳልረሳ በእጁ ይዞ የሚያሳየው በአክፋዩ ነው። ባለጸጋው ልጅ ሙክት ስለነዳ፣ ድኻው ልጅ አንድ ድፎ ስለተሸከመ በወላጅ ምርቃት ላይ ልዩነት አይኖርም።

ይህ ልማድ በከተማ እየሳሳ መምጣቱን ስንመለከት ግን ዝም ብሎ ማለፍ አልተቻለንም። አክፋዩ ዛሬም ይላካል። አንዳንዱ ልጅ እንዲያውም ከቀድሞው የበለጠ ይልካል። ገንዘቡ በባንክ፣ አለዚያም በእጅ ስልክ በአንድ ደቂቃ ይደርሳል። እናትም «ደርሶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ይመርቃሉ። ከዚያ በኋላ መሶቡን ዘርግተው ማንን እንደሚያጎርሱ የሚጠይቃቸው የለም።

ነገሩን በምሳሌ ብናየው ይሻላል። ከዝግጅት ክፍላችን ባልደረቦች አንዱ ከሁለት ዓመት በፊት በቤቱ የሆነውን አጫውቶን ነበር። እናቱ በሰሜን ሸዋ በምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጆቻቸው ሦስት ሲሆኑ፣ ሁሉም አዲስ አበባ የገቡና የራሳቸውን ትዳር የያዙ ናቸው። በየዓመቱ የሚያደርጉት ተመሳሳይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መንገድ ይገባሉ፣ ሲመሽ ይደርሳሉ፣ ሌሊት ይፈስካሉ፣ እሑድ ምሳ በልተው ሰኞ ሥራ ስላለ ወዲያው ይመለሳሉ። መንገዱ ከ130 ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ስለሆነ ይህ ለእነርሱ ቀላል ነበር። እናታቸው በእነዚያ ሃያ ያህል ሰዓታት ውስጥ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸውን አብርተው፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን ሲመላለሱ ልጆቹ ያያሉ። «እማዬ እንዴት ነሽ?» ሲሏቸው «ደኅና ነኝ፣ ተመስገን» ይላሉ። ልጆቹም ይህንኑ ይዘው ይመለሳሉ።

በዚያ ዓመት ግን ባልደረባችን የዓመት ፈቃድ ስለነበረው በጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ቤቱ ደረሰ። እንደ ልማዱ እናቱን ለመሳም ቢጠጋ፣ እርሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝቅ በማለት ብቻ ሰላምታ ሰጡት። በሕማማት ሳምንት መሳሳም እንደሌለ፣ ይህም ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ የሰጠበትን ለማሰብ እንደሆነ ባልደረባችን ከልጅነቱ የሚያውቀው ነው። ይሁን እንጂ ለዓመታት በሕማማት ቤቱ ተገኝቶ ስለማያውቅ ነገሩ ከአእምሮው ወጥቶ ኖሯል። «አንድ ዓመት ሙሉ ያላየኋት እናቴ ፊት እጄን አጣጥፌ ስቆም እንግዳ የሆንኩት እኔ መሆኔ ገባኝ» ነው ያለን።

የዚያን ዕለት ማታ የባቄላ ክክና ስንዴ ተቀቅሎ የተዘጋጀውን ጉልባን ከጎረቤት ጋር ሲቀምሱ፣ እናቱ ሳህኑን ለመያዝ እጃቸውን አሳልፈው ወዲያ ሲዘረጉ አየ። ዓርብ ለስቅለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም የአጥሩን ግንብ እየዳሰሱ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ በዘለቀው ስግደት መካከል ደጋግመው ሲቀመጡ ተመለከተ። ከዚያም ቤት ተመልሶ ነጠላ ሊያወጣላቸው ሣጥኑን ሲከፍት፣ ከሦስት ወር በፊት የታዘዘላቸው የስኳር በሽታ መድኃኒት ከነመጠቅለያው ተቀምጦ አገኘው። ለምን እንዳልወሰዱት ቢጠይቃቸው «ጾም ነው፣ ከትንሣኤ በኋላ እጀምረዋለሁ፣ እናንተን ደግሞ ማስጨነቅ አልፈለግሁም» አሉት። በዚህ ላይ እስከ እሑድ ሌሊት ድረስ ሊያከፍሉ አስበው ኖሯል።

ባልደረባችን ለመነ፣ ተቆጣ፣ አልሆነለትም። በመጨረሻ ብልኃት መጥቶለት ወደ ነፍስ አባታቸው ሄደ። እኚህ አረጋዊ ካህን ጉዳዩን እንደ ሰሙ ከልጁ ጋር መጥተው፣ ሕመምተኛ ከአክፍሎት ነፃ መሆኑን አስረድተው፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እንዲወስዱ አዘዟቸው። ሦስት የተማሩ ልጆች ያልቻሉትን አንድ የነፍስ አባት በአምስት ደቂቃ ፈጸሙት። በማግሥቱም ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ተመረመሩ። ዐይናቸው ላይ የደረሰው ጉዳት ግን ሙሉ በሙሉ የሚመለስ አልሆነም። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት የትንሣኤ በዓላት ልጆቻቸው እዚያው ቤት አድረው ነበር። ሌሊቱን በእንቅልፍ፣ ቀኑን በምሳና በሽኝት አሳልፈውት እንጂ የሚታይ ነገር ጠፍቶ አልነበረም።

ይህን ማውሳታችን ልጆችን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። የከተማ ሠራተኛ ኑሮ ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን፣ እኛም የምንኖረው ነውና። ስቅለት ዓርብና ትንሣኤ እሑድ ሕዝባዊ በዓላት ቢሆኑም ሰኞ የሥራ ቀን ነው። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደሴ፣ ወይም የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ባሕር ዳር የሚደርስ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ሁለቱን በመንገድ ይጨርሳል። በዋዜማው አውቶቡስ ተራና ላምበረት መናኸሪያ የሚታየውን ግፊያ፣ ከታሪፍ በላይ የሚጠየቀውን ሒሳብ፣ ሌሊት ለመድረስ ሲባል የሚነዳበትን ፍጥነት ያየ ሰው «ዘንድሮስ ይቅርብኝ» ቢል አንፈርድበትም። ይሁንና በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለአንድ ዓመት አገልግሎት ቢያንስ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ለጸሎተ ሐሙስና ለማዕዶት ማዋል የሚቻል ይመስለናል። አሠሪዎችም፣ በተለይ የግል ድርጅቶች፣ ወላጆቹ ሩቅ ሀገር ላሉ ሠራተኛ ቅድሚያ ቢሰጡና አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ባልደረባው ደግሞ ተራውን ቢሸፍንለት፣ ይህ አክፋይ ከመላክ የሚተናነስ ደግነት አይደለም።

ቀድሞ መድረስ ለወላጅ ጤና ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሥራም ይጠቅማል። ቅዳሜ ሌሊት ዶሮው ወጥ ሆኖ፣ ዕንቁላሉ ተልጦ፣ እንጀራው ተደርድሮ ሲቀርብ የሚያይ ልጅ ነገሩ በራሱ የመጣ ይመስለዋል። ሽንኩርቱን ማን ከተፈው? ያን ሁሉ ሽንኩርት ከትፎ፣ ውኃ ሳያበዙ አብስሎ፣ በርበሬውን አቁላልቶ ለወጥ ማድረስ የአንድ ቀን ሙሉ ድካም ነው። ዶሮዋን ገንጥሎ አሥራ ሁለቱን ብልት ሳያጎድሉ ማውጣት፣ ቆዳውን በሎሚና በጨው አሥር ጊዜ ማጠብ፣ ይህ ሁሉ በአብዛኛው ሰው ቤት የሚሠራው እህል ባልቀመሰች አንዲት እናት እጅ ነው። ልጃገረዶች በጓዳ ሲያግዙ ወንዶች ልጆች ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጡበት ዘመን ማለፍ ነበረበት፣ አላለፈም። ዶሮ ባርኮ የሰጠ ወንድ ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ እጁን ይታጠባል። እኛ ግን አንድ ጎልማሳ ልጅ ሽንኩርት እየከተፈ ዐይኑ ሲያነባ እናቱ ከልባቸው ሲስቁ አይተናል፤ የበዓሉም ደስታ ከዚያው ከጓዳው ሲጀምር ታዝበናል።

ቅዳሜ ጠዋት ካህናት ቀጤማ ይዘው ደወል እያሰሙ በየቤቱ ሲዞሩ፣ ቀጤማውን ተቀብሎ በግንባር ላይ ማሰር የቤቱ ልጆች ሁሉ ድርሻ ነበር። ቀኑ ቅዳም ሹር መባሉ ሌላ ጊዜ የማይጾመው ቅዳሜ በዚህ ዕለት ስለሚጾም ነው። ዛሬ በብዙ ቤት ቀጤማውን የሚቀበሉት ወላጆች ብቻ ሲሆኑ፣ ትርፉን በልጆቻቸው ስም እየቆጠሩ በመሶቡ ላይ ያኖሩታል። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዶሮ ሲጮኽ፣ ሆድ እንዳይደነግጥ ተልባው በቅድሚያ ይቀርባል። ቀጥሎ መሶቡ ይከፈታል፤ ፈረሰኛው ለአባት ይወጣል። በሕማማቱ ሳምንት ታግዶ የቆየው መሳሳም የሚፈቀደው ያኔ ነው። በሕማማት ቤት የነበረ ልጅና በቅዳሜ ማታ የደረሰ ልጅ ያን መሳም እኩል አያውቁትም። ባልደረባችንም ያስተዋለው ይህንን ነበር። ወንድሙና እኅቱ ሲደርሱ እናታቸው እነርሱንም በርቀት ነበር የተቀበሏቸው፤ እነርሱ ግን ስለ ቸኮሉ አላስተዋሉትም።

በአንዳንድ ቤት ደግሞ ልጆች የሚቀሩት መንገድ ርቆ ወይም ፈቃድ አጥተው አይደለም። ወንድምና ወንድም በአባት ቤት ወይም በመሬት ድርሻ ተካሰው፣ አንዱ እሑድ ጠዋት ሌላው እሑድ ማታ እየመጡ፣ እናት ለሁለት መሶብ የሚያቀርቡበት ቤት አለ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ እናት በበዓል ቀን የሚያደርጉት ድካም ከሌላው እጥፍ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ሳይወጣ ሁለተኛው እንዳይገባ ሰዓት ሲጠብቁ ይውላሉ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ 55 ቀን ጾሞ ወንድምን መሸሽ ምን ዓይነት ጾም እንደሆነ ባለጉዳዮቹ ራሳቸውን ይጠይቁ። ፍርድ ቤት የያዘው ክርክር በፍርድ ቤት ይቀጥል፤ የሽማግሌውም በሽማግሌ። በአንድ መሶብ መቁረስ ግን የክርክሩ አካል ሊሆን አይገባውም። ስቅለት ዓርብ የሚነበበው የዮሐንስ ወንጌል፣ ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ መስጠቱን ይተርካል። በዚያ ጭንቅ ሰዓት እንኳ የእናት ነገር አልተረሳም። ያን ንባብ ቆመው የሚሰሙ ሁለት ወንድማማቾች በየተራ ወደ ቤት መግባታቸውን እንዴት እንደሚያስታርቁት አይታወቅም።

ለወላጆችም የምንለው አለን። ልጅ ከስንት ጊዜ በኋላ መጥቶ ገና ጫማውን ሳያወልቅ «መቼ ነው የምታገባው?» «የእገሌ ልጅ ቤት ሠራ፣ አንተስ?» እያሉ መጠየቅ የሚቀጥለውን ዓመት መንገድ ያረዝማል። ሥራ ያጣ ልጅ ባዶ እጁን መምጣት አፍሮ መቅረቱን ብዙ ጊዜ ሰምተናል። እንዲህ ዓይነቱ ልጅ በስልክ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል። ድምፁን የሚያውቁት እናት ወይም አባት «ምንም ሳትይዝ ና፣ አክፋዩ አንተው ነህ» ቢሉት፣ መሳፈሪያውንም በዘዴ ቢልኩለት፣ ልጅን ማዋረድ ሳይሆን ማዳን ነው። ሕመምንም ከልጅ መደበቅ ቸርነት አይደለም። ከላይ ያነሣናቸው እናት ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅ ሲሉ የከፈሉት ዋጋ የዐይናቸውን ብርሃን ነው።

በዓሉን ከሀገር ውጭ የሚያሳልፉትንም ሳናነሣ አናልፍም። አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ዶሮ ሲጮኽ፣ ዋሽንግተን ለሚኖረው ልጅ ገና የቅዳሜ ምሽት 2 ሰዓት ነው። ስልኩን መሶቡ አጠገብ አቁመው፣ ወጡን አሳይተውት፣ በምስል አጉርሰውት የሚስቁ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው እኅታችን ደግሞ ሰዓቷ ከእኛ ጋር አንድ ነው። በዚያ ሀገር እሑድ የሥራ ቀን በመሆኑ ግን ድምፅ ሳታሰማ በጓዳ ሆና ትደውላለች፣ ወይም ጨርሶ አትደውልም። ለቤቱ የበጉን መግዣ የላከችው እርሷ ሆና ሳለ በጉ ሲታረድ ስሟን የሚያነሣ እንዳይጠፋ አደራ እንላለን።

መሰባሰብ ራሱ በሰው ፈቃድ ብቻ የሚሆን አለመሆኑን በቅርብ ዓመታት አይተናል። በ2012 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 11 ቀን ሲውል የኮሮና ወረርሽኝን ለመከላከል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ ነበር። ብዙው ምእመን የሌሊቱን ሥርዓት በቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ተከታተለ፤ ልጆችም ለወላጆቻቸው ጤና ሲሉ ሳይሄዱ ቀሩ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት ጊዜ ደግሞ መንገዱም ስልኩም ተቋርጦባቸው፣ ወላጅ ይኑር አይኑር ሳያውቁ የፈሰኩ ልጆች ነበሩ። ከዚያም ወዲህ በተለያዩ አካባቢዎች በጸጥታ ችግር ምክንያት ለበዓል ቤታቸው ሊገቡ ያልቻሉ አሉ። መንገዱ ክፍት የሆነለት፣ ወላጁም በሕይወት ያለለት ልጅ ዘንድሮ የሚሰጠው ምክንያት ከእነዚህ ጋር ሲመዘን ምን ያህል እንደሚከብድ ራሱ ያውቀዋል።

ባልደረባችን ዘንድሮም ለረቡዕ መሳፈሪያውን ቆርጧል። እኅቱ በተራዋ የሐሙስንና የዓርብን ምሽት፣ ወንድሙም ከበዓሉ በኋላ ያሉትን ሁለት ቀናት ለመቆየት ተስማምተዋል። እናታቸው ዐይናቸው ቢደክምም ቤቱን በእጃቸው ያውቁታልና፣ የበርበሬውን መጠን ግን አሁንም ለማንም አያስነኩም። ባለፈው ዓመት ልጆቹ ሲመለሱ ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ በየከረጢቱ ጠቅልለው ስለሰጧቸው የመልስ ጓዛቸው ከመጡበት ከብዶ ነበር። ሰኞ ማዕዶት ጠዋት የሰፈር ሴቶች ለቡና ሲሰበሰቡ፣ እኚህ እናት ከመሶቡ የተረፈውን ድፎ አውጥተው በጣታቸው ጠርዙን እየዳሰሱ ቆረሱ። ለእያንዳንዷ ጎረቤት ሲያቀብሉም «እንኩ፣ የልጆቼ አክፋይ ነው» ይሉ ነበር።